በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ የተቀመጠው ቅጂ

እስቲ ጆሯችሁን ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የሁለት ጂኖችን ታሪክ ነው። አንደኛው በአሥረኛው ክሮሞሶማችን ላይ ተቀምጧል፤ ፒቴን ይባላል። የካንሰር ተመራማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ በስሙ የተጻፈው ጥናት በሺዎች ይቆጠራል። ሁለተኛው በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ አለ። መልኩ የፒቴን፣ ፊደሉም ከጥቂቱ በቀር የፒቴን ነው፤ ስሙንም ፒቴንፒ1 አሉት። የመጀመሪያው ፕሮቲን ይሠራል፤ ሁለተኛው አይሠራም። ስለዚህ ሁለተኛውን ሞቷል ብለው መዝግበው አለፉት። እኔ የምነግራችሁ ያ የሞተ የተባለው ጂን እንዴት እንደገና ለምርመራ እንደቀረበና ምን እንደተገኘበት ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን ያዙልኝ።

በፒቴን እንጀምር፤ እርሱን ሳናውቅ ቅጂው አይገባንም።

በ1990ዎቹ ዕጢ የሚመረምሩ ሰዎችን አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥማቸው ጀመር። ከአንጎል፣ ከጡትና ከፕሮስቴት የተወሰዱ የካንሰር ህዋሳትን ሲያዩ፣ የአሥረኛው ክሮሞሶም አንድ ክፍል ከብዙዎቹ ላይ ጎድሎ ያገኙታል። ካንሰር አንድን ቦታ እንዲህ ደጋግሞ ካጠፋ፣ በዚያ ቦታ ላይ እርሱን የሚከለክል ነገር አለ ማለት ነው። ፍለጋው ተጧጧፈ። በ1997 በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ራሞን ፓርሰንስና ባልደረቦቹ፣ በሂዩስተን ደግሞ ፒተር ስቴክና ባልደረቦቹ በየፊናቸው ያንኑ ጂን አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ቶሞሂኮ ማኤሃማና ጃክ ዲክሰን የጂኑን ሥራ ገለጡት።

ሥራው እንዲህ ነው። ለአንድ ህዋስ ከውጭ «እደግ» የሚል ምልክት ሲደርሰው፣ በሽፋኑ ላይ ባለ አንድ የቅባት ዓይነት ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ፎስፌቱ የተለጠፈበት ቅባት ህዋሱን እደግ፣ ተከፈል፣ አትሙት ይለዋል። ይህ ትእዛዝ ቁስል ሲሽር ያስፈልጋል፤ ሕፃን ሲያድግ ያስፈልጋል። ችግሩ ትእዛዙ ሳይቆም ሲቀር ነው። የፒቴን ፕሮቲን ያን ፎስፌት ይነቅለዋል። ትእዛዙም ይቆማል። ጠቅላላ ርዝመቱ 403 አሚኖ አሲድ የሆነ አንድ ፕሮቲን በሰውነታችን ህዋሳት ውስጥ ሁሉ ዕድገትን ልክ ሲያስይዝ ይውላል። ከወላጁ የተበላሸ የፒቴን ጂን የወረሰ ሰው ኮውደን ሲንድረም የሚባለው ሕመም ይይዘዋል፤ የጡት፣ የታይሮይድና የማኅፀን ካንሰር የሚያሰጋውም ከሌላው ሰው ይልቅ እጅግ በላቀ መጠን ነው።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጂኖች ሙሉ በሙሉ ካልጠፉ በቀር ጉድለታቸው አይታወቅም። ፒቴን እንደነርሱ አይደለም። በ2010 የታተመ አንድ ጥናት የፒቴናቸው መጠን ከጤናማው 80 በመቶ የሆነ አይጦችን አሳደገ። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። አይጦቹ ግን ዕጢ አበቀሉ፤ ከሁሉም በላይ የጡት ዕጢ። ስለዚህ የፒቴን ነገር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመጠን ጉዳይ ነው። የፒቴንን መጠን በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ማንኛውም ነገር በሰው ሕይወት ላይ ሊፈርድ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ያን መጠን ከሚነኩት አንዱ ማንም ዞር ብሎ ያላየው የዘጠነኛው ክሮሞሶም ቅጂ ቢሆንስ?

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በ1972 ሱሱሙ ኦህኖ የሚባል በካሊፎርኒያ ሲቲ ኦፍ ሆፕ የሚሠራ የጄኔቲክስ ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ኦህኖ ትልቅ ሰው ነው፤ አዳዲስ ጂኖች ከነባር ጂኖች መባዛት እንደሚወለዱ ቀድመው ካስተማሩት አንዱ እርሱ ነበር። በዚያ ጽሑፉ አብዛኛው ዲኤንኤያችን ውዳቂ ነው አለ። መከራከሪያው ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ትውልድ ላይ ስሕተት ይጨመራል። ዲኤንኤያችን ሁሉ አስፈላጊ ቢሆን ኖሮ፣ የሚደርስበት ስሕተት ሁሉ ጎጂ በሆነና ዘራችን በጠፋ ነበር። አልጠፋንም። ስለዚህ አብዛኛው ቢበላሽም ባይበላሽም ለውጥ የለውም። እኔ ይህን መከራከሪያ ዛሬም አከብረዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተገኘው ሁሉ አልሻረውም። ውዳቂ የተባለው ሁሉ ሥራ አለው እያሉ የሚያውጁ ሰዎች ኦህኖን በቅጡ አላነበቡትም።

አምስት ዓመት አለፈ። በ1977 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ክሎድ ዣክ፣ ሚለርና ጆርጅ ብራውንሊ የተባሉ ሦስት ሰዎች የአንዲት አፍሪካዊት እንቁራሪት ዲኤንኤ ያነቡ ነበር። አንድ የታወቀ ጂን አገኙ፤ ከጎኑ ደግሞ ያንኑ የሚመስል፣ ግን የተቆረጠና የተዛነፈ ሌላ ጽሑፍ አለ። ሐሳዊ ጂን ብለው ሰየሙት። ከዚያ ወዲህ ሐሳዊ ጂን በየፍጥረቱ ይገኝ ጀመር። በሰው ዘንድ ፕሮቲን የሚሠሩት ጂኖች ወደ 20 ሺህ ይጠጋሉ፤ ሐሳዊ ተብለው የተመዘገቡት ከ14 ሺህ ይበልጣሉ።

ሐሳዊ ጂን በብዙ መንገድ ይፈጠራል። አንዳንዱ ያለ ምትክ የተበላሸ ነባር ጂን ነው፤ ቫይታሚን ሲን እንደ ብዙዎቹ እንስሳት በገዛ ሰውነታችን ማዘጋጀት ያቃተን ለዚህ ነው፤ ጂኑ በስምንተኛው ክሮሞሶማችን ላይ ፈራርሶ ይታያል። የፒቴንፒ1 መንገድ ግን ሌላ ነው። አንድ ጂን ሲነበብ መጀመሪያ መልእክተኛ አርኤንኤ ይሆናል፤ በመካከሉ ያሉት ትርፍ ክፍሎች ተቆርጠው ይጣላሉ፤ የቀረው ተገጣጥሞ ወደ ፕሮቲን መሥሪያው ይሄዳል። በዲኤንኤያችን ውስጥ ደግሞ ላይን-1 የሚባሉ ራሳቸውን እየገለበጡ የሚዛመቱ ጽሑፎች አሉ። አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚመልስ ኢንዛይም አላቸው። ኢንዛይሙ ለራሳቸው ነው፤ አልፎ አልፎ ግን የሌላውን መልእክት አግኝቶ ይገለብጠዋል። ቅጂው ያገኘው ክሮሞሶም ላይ ይገባል። ይህ የሆነው ዘር በሚሆን ህዋስ ውስጥ ከሆነ ቅጂው ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ ይወርዳል። በፈረንሳይ የቲዬሪ ሃይድማን ቡድን በ2000 ይህን በላቦራቶሪ ውስጥ ሲሆን አሳይቷል።

ፒቴንፒ1 የተወለደው እንዲህ ነው። ለዚህም ምልክቱ በላዩ አለ፤ በፒቴን መካከል የሚገኙት ትርፍ ክፍሎች በቅጂው ውስጥ የሉም። በ1998 ተመራማሪዎች ሲያገኙት የተሰማቸው ደስታ አልነበረም፤ ሥጋት ነበር። በካንሰር ሕመምተኛ ላይ ፒቴን ተበላሽቷል ወይ ብሎ በአርኤንኤ በኩል የሚመረምር ሰው የቅጂውን ስሕተቶች አግኝቶ የፒቴን ብልሽት ናቸው ብሎ ሊፈርድ ይችላል። በዚያን ጊዜ የወጡት ጽሑፎች ተጠንቀቁ የሚሉ ነበሩ። ቅጂው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያደረገው ነገርም ታወቀ፤ «ከዚህ ጀምር» የሚለው የመነሻ ምልክት ተበላሽቷል። በቃ። ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ፒቴንፒ1 ምርመራ የሚያዛባ እንቅፋት ሆኖ ቆየ።

በዚሁ ጊዜ ግን በሌላ ቦታ ሌላ ወሬ ይሰማ ነበር። በ1999 በእንግሊዝ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሰርጌይ ኮርኔቭና ማይክል ኦሺ ከባልደረባቸው ጋር የኩሬ ቀንድ አውጣ ነርቮችን ሲያጠኑ አንድ ሐሳዊ ጂን አገኙ። የሐሳዊው ጂን አርኤንኤ ከፊሉ ተገልብጦ የተጻፈ ስለሆነ በእውነተኛው ጂን መልእክት ላይ ይገጥማል፤ ገጥሞም መልእክቱ ፕሮቲን እንዳይሆን ያግደዋል። ጥቂት ሰዎች ብቻ አነበቡት። ቀንድ አውጣ ናት፤ ማን ልብ ይላል?

በ2003 ደግሞ ከጃፓን ትልቅ ዜና መጣ። ሺንጂ ሂሮትሱኔና ባልደረቦቹ ማኮሪን የሚባል ጂን ሐሳዊ ቅጂ የተነካባቸው አይጦች ኩላሊታቸውና አጥንታቸው ተበላሽቶ አየን አሉ። ቅጂው የእውነተኛውን ጂን መልእክት ይጠብቃል ብለው ጻፉ። ኔቸር የተባለው መጽሔት አተመው፤ ዓለም አጨበጨበ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ሌላ ቡድን ጉዳዩን እንደገና መረመረና የተባለው ሐሳዊ ጂን ጭራሽ እንደማይነበብ፣ የእርሱ ነው የተባለው አርኤንኤም ከእውነተኛው ጂን የመጣ መሆኑን አሳየ። ጭብጨባው ቆመ። ይህን ታሪክ ሳልዘልለው የነገርኳችሁ ስለምወደው ነው። ሳይንስ የገዛ ዜናውን እንዲህ አደባባይ ላይ መልሶ ሲመረምር ማየት እምነት ይሰጣል። ደግሞም ከዚያ በኋላ ስለ ሐሳዊ ጂን የሚናገር ሰው ሁሉ ማስረጃውን አጥብቆ መያዝ ነበረበት።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀርቶናል፤ ማይክሮ አርኤንኤ። በ1993 ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን አንድ ሚሊ ሜትር በምታክል ትል ውስጥ በጣም አጭር አርኤንኤ አገኙ። ፕሮቲን አይሆንም። ርዝመቱ ወደ 22 ፊደል ነው። በሌላ ጂን መልእክት ጅራት ላይ ይገጥምና መልእክቱን ዝም ያሰኘዋል። ለዓመታት የዚያች ትል ጉዳይ ብቻ መስሎ ነበር። ኋላ ላይ ሰውን ጨምሮ በብዙ እንስሳት እንዳለ ታወቀ፤ ሁለቱም በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ማይክሮ አርኤንኤዎች ፒቴንንም አይለቁትም። ቢያንስ አምስት ቤተሰቦቻቸው በመልእክቱ ጅራት ላይ ያርፋሉ፤ ባረፉ ቁጥር የፒቴን ፕሮቲን ይቀንሳል።

እንግዲህ ወደ ቦስተን እንሂድ።

በሃርቫርድ ሕክምና ትምህርት ቤት ሥር ባለው ቤዝ እስራኤል ዲያኮነስ ሆስፒታል ፒየር ፓኦሎ ፓንዶልፊ የሚባል ጣሊያናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ዕድሜውን ለፒቴን የሰጠ ሰው ነው፤ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የ80 በመቶው አይጥ ጥናት ከእርሱ ላቦራቶሪ ነው የወጣው። በዚያ ላቦራቶሪ ላውራ ፖሊሴኖና ሊዮናርዶ ሳልሜና የሚባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ነበሩ። የፒቴንንና የፒቴንፒ1ን ጅራት አስተያዩ። የቅጂው ጅራት ያጠረ ነው፤ በቀረው ክፍል ግን ማይክሮ አርኤንኤዎቹ የሚያርፉባቸው ቦታዎች ሳይነኩ ተቀምጠዋል። የመነሻው ምልክት ተበላሽቷል፤ የማረፊያዎቹ ምልክት ግን ደኅና ነው። እነዚያ አምስቱም ቤተሰቦች በቅጂው ላይ ማረፍ ይችላሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በእኛው አገር ነገር ላስረዳችሁ። ማሽላ እሸት ሲይዝ ግሪሳ ይመጣል። የአንድ ገበሬ ማሳ ብቻውን ከሆነ መንጋው ሁሉ በእርሱ ላይ ይወርዳል። ከጎኑ ማንም የማያጭደው ሌላ ማሳ ካለስ? ያም ማሽላ ነው፤ ያም ፍሬ ያሳያል። ግሪሳው የትኛው ማሳ ወደ ጎተራ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደማይገባ አይለይም። በዚያ ላይ ያረፈች ወፍ በዚህ ላይ አላረፈችም። ስለዚህ የማይታጨደው ማሳ አንዲት ቁና እህል ሳይሰጥ የጎረቤቱን እህል ያተርፋል። ፒቴንፒ1 ያ ማሳ ሊሆን ይችላል ብለው አሰቡ።

ማሰብ አይከፈልበትም፤ ማሳየት ነው ከባዱ። መጀመሪያ ቅጂው በእርግጥ ይነበባል ወይ ብለው ፈተሹ። ይነበባል፤ አርኤንኤው በልዩ ልዩ የሰው አካል ክፍሎች ውስጥ ተገኘ። ቀጥለው የፒቴንፒ1ን ጅራት ብቻ ወስደው ዲዩ145 ወደሚባሉ የፕሮስቴት ካንሰር ህዋሳት አስገቡ። ያ ጅራት ፕሮቲን የሚሆን ትእዛዝ አንድም የለበትም። ሆኖም የፒቴን ፕሮቲን ከፍ አለ፤ የካንሰር ህዋሳቱም ዕድገት ቀዘቀዘ። ከዚያ ተቃራኒውን ሞከሩ፤ የፒቴንፒ1ን አርኤንኤ ነጥለው አጠፉ። ፒቴን ወረደ፤ ህዋሳቱም ፈጥነው ተባዙ።

«ሌላ ምክንያት ቢኖረውስ?» ትሉኝ ይሆናል። እነርሱም ይህን ጠየቁ። ዳይሰር የሚባል ኢንዛይም ማይክሮ አርኤንኤን ቆርጦ የሚያዘጋጅ ነው። ይህ ኢንዛይም የተበላሸባቸው ህዋሳት ማይክሮ አርኤንኤያቸው አነስተኛ ነው። በእነዚህ ህዋሳት ውስጥ ሲሞክሩት ያ ጅራት ምንም አላደረገም። ወፍ በሌለበት አገር የጎረቤት ማሳ ምን ያተርፋል? በዚህ የተነሣ ሥራው በማይክሮ አርኤንኤ በኩል እንደሚያልፍ ታወቀ። በመጨረሻም የሕመምተኞችን ዕጢ አዩ፤ በአንዳንድ የአንጀት ካንሰሮች ውስጥ የፒቴንፒ1 ቦታ ከዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ጠፍቶ ተገኘ። ካንሰር ፒቴንን እንደሚያጠፋ ሁሉ ቅጂውንም ያጠፋል። በሰኔ 2010 ኔቸር ይህን ሁሉ አተመ። በዚያው ጽሑፍ ካንሰር በሚቀሰቅሰው በኬራስ ጂንና በራሱ ሐሳዊ ቅጂ መካከልም ተመሳሳይ ነገር እንዳዩ ጻፉ። እዚያ ግን ቅጂው የሚያተርፈው ጠባቂውን ሳይሆን አጥፊውን ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበልና አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ሙከራ ውስጥ የተለወጠው ስለ ቅጂው ያለን አስተያየት ብቻ አልነበረም። ስለ ጂን ሁሉ ያለን አስተያየት ነበር። ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተማርነው ዲኤንኤ አርኤንኤ ይሆናል፣ አርኤንኤ ፕሮቲን ይሆናል፣ ሥራውን ፕሮቲን ይሠራል የሚል ነው። መልእክተኛ አርኤንኤ ገና ፕሮቲን ሳይሆን፣ በመኖሩ ብቻ የሌላ ጂንን መጠን የሚነካ ከሆነ ግን፣ የፒቴን መልእክት ራሱም ከፕሮቲኑ ውጭ ሌላ ሥራ አለው ማለት ነው። ለእኔ የዚያ ጽሑፍ ታላቁ ነገር ይህ ነው።

በ2011 ሳልሜና፣ ፖሊሴኖና ፓንዶልፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሐሳቡን አሰፉት። የህዋስ አርኤንኤዎች ሁሉ በማይክሮ አርኤንኤ ላይ ይሻማሉ፤ በዚያም ሽሚያ እርስ በርስ ይነጋገራሉ አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው የጽሑፍ ጎርፍ ነበር። በየካንሰሩ፣ በየሕመሙ፣ ይህ አርኤንኤ ያንን ያስጥላል የሚል ጥናት በገፍ ወጣ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ችኩል ናቸው። አንድን አርኤንኤ በላቦራቶሪ ውስጥ ከተፈጥሮ መጠኑ እጅግ አብዝቶ ህዋስ ውስጥ አስገብቶ ለውጥ ማየት ቀላል ነው። ጥያቄው በተፈጥሮ መጠኑ ይህን ያደርጋል ወይ ነው።

ይህን ጥያቄ በቁጥር የጠየቁት በዙሪክ የማርኩስ ስቶፌልና በካምብሪጅ ማሳቹሴትስ የዴቪድ ባርቴል ቡድኖች ናቸው። በ2014 በጉበት ህዋሳት ውስጥ አንድ በብዛት የሚገኝ ማይክሮ አርኤንኤን ወስደው ማረፊያዎቹን ሁሉ ቆጠሩ። ከዚያ ሌላ ማረፊያ ቀስ በቀስ ጨመሩ። በአንድ ህዋስ ከመቶ ሺህ በላይ ማረፊያ ካልተጨመረ በቀር ምንም ለውጥ አላዩም። ግሪሳውን አስታውሱ፤ በአውራጃው ያለው ማሳ ሁሉ ማሽላ ከሆነ፣ አንዲት ትንሽ ጠፍ ማሳ ብትጨመር መንጋው አያውቃትም። የፒቴንፒ1 አርኤንኤ ደግሞ በአብዛኛው ከፒቴን ያነሰ ነው። ታዲያ እንዴት ያስጥላል? ይህ ክርክር የዋዛ አይደለም። በዚያው ዓመት ከፊሊፕ ሻርፕ ላቦራቶሪ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ማረፊያዎች ሁሉ እኩል እንዳልሆኑ፣ ማይክሮ አርኤንኤ አጥብቆ የሚይዛቸው ጥቂቶቹ ላይ ሽሚያው ሊሠራ እንደሚችል አሳየ። የማይክሮ አርኤንኤው ብዛትና የማረፊያው ብዛት ሲመጣጠኑ በር ይከፈታል፤ ሳይመጣጠኑ በሩ ዝግ ነው።

ፒቴንፒ1 ግን በዚህ ብቻ የሚመዘን ሆኖ አልተገኘም። በ2013 ፐር ዮሃንሰን፣ ኬቪን ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ይህን የዘጠነኛው ክሮሞሶም ቦታ ከጀርባው አነበቡት። ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሊነበብ ይችላል። ከተቃራኒው ገመድ የሚነበቡ አርኤንኤዎች አገኙ። አንደኛው ዓይነት በህዋሱ ኒውክሊየስ ውስጥ በአሥረኛው ክሮሞሶም ላይ ወዳለው የፒቴን በር ይሄዳል፤ በዚያም ጂኑን የሚዘጉ ፕሮቲኖችን ይጠራል፤ ፒቴን መነበቡን ይቀንሳል። ሁለተኛው ዓይነት ከፒቴንፒ1 አርኤንኤ ጋር ተጣምሮ ያጸናዋል፤ ከኒውክሊየስ ወጥቶ ማይክሮ አርኤንኤን እንዲቀበልም ያግዘዋል። አንድ ቦታ ነው፤ በአንድ በኩል ፒቴንን ይዘጋል፣ በሌላ በኩል ፒቴንን ያስጥላል። ሞቷል ተብሎ የተመዘገበ ጽሑፍ እንዲህ በሁለት እጁ ሲሠራ ሳነብ መደነቄን አልደብቅም።

«በህዋስ ሳህን ላይ የታየ ነው፤ በሕያው እንስሳስ?» ለሚል ደግሞ በ2015 መልስ መጣ፤ መልሱ ግን አስደንጋጭ ነበር። ፍሎሪያን ካሬት ከፓንዶልፊ ቡድን ጋር ቢራፍ የሚባለውን ካንሰር ቀስቃሽ ጂን ሐሳዊ ቅጂ በአይጦች ውስጥ አበዛ። አይጦቹ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ያዛቸው። የቅጂውን የተለያየ ክፍል ብቻ ነጥለው ሲያበዙም ካንሰሩ መጣ። ፕሮቲን የማይሠራ ጽሑፍ ሙሉ እንስሳን ሊያሳምም ይችላል ማለት ነው። እዚህም ቢሆን ቅጂው እንዲበዛ የተደረገው በሰው እጅ መሆኑን አንርሳ፤ ጉዳዩ ግን በሳህን ላይ የቀረ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ምንድን ነው? የእኔን ልንገራችሁ። ፒቴንፒ1 ይነበባል፤ ይህ የተረጋገጠ ነው። አርኤንኤው በላቦራቶሪ ህዋሳት ውስጥ የፒቴንን መጠን ያንቀሳቅሳል፤ ይህም ታይቷል። በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ፣ በተፈጥሮ መጠኑ፣ ስንት ሰውን ከካንሰር ይጠብቃል የሚለው ግን ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው፤ ተቋጭቷል የሚላችሁን አትመኑ። ከአንዱ ቅጂ ተነሥቶ 14 ሺሁም ሕያው ናቸው ማለትም ስሕተት ነው። የኦህኖ ሒሳብ አሁንም አለ፤ ብዙዎቹ ሐሳዊ ጂኖች ምንም የማይሠሩ፣ ምንም የማይጎዱ ቅሪቶች ናቸው። ሆኖም የትኛው ቅሪት እንደሆነ፣ የትኛው እንዳልሆነ ፕሮቲን ይሠራል አይሠራም በሚል አንድ መለኪያ ብቻ መለየት እንደማይቻል አሁን እናውቃለን። አንድ በአንድ መመርመር አለባቸው። ፒቴን እንደነገርኳችሁ በአንድ አምስተኛ መጉደል የሚጎዳ ጂን ነውና፣ በዙሪያው ያለውን ትንሹን ነገር ሁሉ ማወቅ ለሕመምተኞች ዋጋ አለው።

በመጨረሻ ባዮሎጂ ለምትማሩና ለምታስተምሩ አንድ ልመና አለኝ። የሰው ዲኤንኤ ሙሉ ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ኢንሴምብል በሚባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያለ ክፍያ ይነበባል። ስልክና ኢንተርኔት ካላችሁ ፒቴንንና ፒቴንፒ1ን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፤ የተበላሸውን የመነሻ ምልክት ፈልጉት፤ ያልተበላሹትንም የማይክሮ አርኤንኤ ማረፊያዎች ፈልጓቸው። ከዚያ ሌላ ሐሳዊ ጂን ምረጡና ያንኑ አድርጉ። እስካሁን እንደ ፒቴንፒ1 በጥልቀት የተመረመሩት እጅግ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።